ጤንነት የግል አደራና የጋራ ኃላፊነት

(ለምእመናንና ለካቴኪስቶች የተዘጋጀ ትምህርት)



በአካባቢያችን አንድ ሰው ታመመ በተባለ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓይነት አነጋገር ይሰማል። አንደኛው «ራሱ ያመጣው ነው፤ ቢጠነቀቅ ኖሮ ይህ ባልደረሰበት ነበር» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ምን ያድርግ? የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፤ ጤና ጣቢያውም መድኃኒት የለው» የሚል ነው። የመጀመሪያው ጥፋቱን ሁሉ በታማሚው ትከሻ ላይ ይጭናል፤ ሁለተኛው ከታማሚው ላይ አንሥቶ ማንም ወደማይደርስበት ስፍራ ያርቀዋል። ሁለቱ አነጋገሮች እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ ቢመስሉም በአንድ ነገር ይገናኛሉ፤ ይኸውም ተናጋሪውን ከሥራ ነጻ ማድረጋቸው ነው። በዚህ ጽሑፍ ክርስቲያን ስለ ጤንነት ሊኖረው የሚገባው አስተሳሰብ ከሁለቱም የተለየ መሆኑን ከቅዱስ መጽሐፍ፣ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርትና በሀገራችን ካለ አንድ ሕመም በመነሣት እንመለከታለን።

1. የደቀ መዛሙርት ጥያቄ

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 መጀመሪያ ላይ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በመንገድ ሲያልፍ ከተወለደ ጀምሮ ማየት የተሳነውን ሰው እንደ ተመለከተ እናነባለን። ደቀ መዛሙርቱ ሰውየውን ባዩ ጊዜ እንዴት እንደሚረዳ አልጠየቁም። ማወቅ የፈለጉት ጥፋቱ የራሱ ይሁን ወይስ የወላጆቹ የሚለውን ነበር። የመከራን ምክንያት ማወቅና ጥፋተኛን መፈለግ ለእነርሱ አንድ ነገር ነበሩ። ጌታችን ግን ይህን አስተሳሰብ አልተቀበለውም። ሰውየውንም ወላጆቹንም ከክሱ ነጻ አድርጎ፣ የደቀ መዛሙርቱን ልብ የእግዚአብሔር ሥራ በዚያ ሰው ላይ ወደሚገለጥበት ጉዳይ መለሰው። ከዚያም ጭቃ አበጅቶ ዓይኑን ቀባውና በሰሊሆም መጠመቂያ እንዲታጠብ ላከው። ሰውየውም ሄደ፤ ታጠበ፤ እያየም ተመለሰ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሳናስተውለው የምናልፈው አንድ ነገር አለ። ጌታችን ዓይኑን ከቀባው በኋላ ሰውየው በራሱ እግር እንዲሄድና በራሱ እጅ እንዲታጠብ ፈልጓል። ለመዳን የሚፈለግበትን ድርሻ አልነሣውም። ነገር ግን ያ ውኃ ከየት መጣ? ከዚያ ጊዜ ሰባት መቶ ዓመት ያህል አስቀድሞ ንጉሥ ሕዝቅያስ ከግዮን ምንጭ የሚወጣው ውኃ በዐለት ውስጥ በተፈለፈለ ከአምስት መቶ ሜትር በላይ በሚረዝም ቦይ ወደ ኢየሩሳሌም ከተማ እንዲገባ አድርጎ ነበር (2ነገ. 20፥20፤ 2ዜና 32፥30)። እንግዲህ ፊቱን የታጠበው ሰው አንድ ነው፤ ውኃውን ያመጡለት ግን ስማቸው ያልተጻፈ ብዙ ሠራተኞችና ለሕዝቡ ያሰበ አንድ መንግሥት ናቸው። መታጠብ የሰውየው ድርሻ ነበር፤ ውኃውን ማምጣት የሕዝብ ድርሻ ነበር። ስለ ጤንነት ልንናገር የምንፈልገው ነገር ሁሉ በዚህ ይጠቃለላል።

2. አንድ ምሳሌ፦ ትራኮማ

ይህን አስተሳሰብ በሥራ ላይ ለማየት በብዙ ቦታ «የዓይን ማዝ» እየተባለ የሚጠራውን ትራኮማን እንውሰድ። ከዓለም ሀገራት መካከል የዚህ ሕመም ከፍተኛው ሸክም ያለው በኢትዮጵያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በሀገር አቀፍ ደረጃ በተደረገ ጥናት ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት ከመቶው አርባ የሚሆኑት ሕመሙ በዓይናቸው ላይ ተገኝቶ ነበር።

ሕመሙን የሚያመጣው ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የተባለ በዓይን የማይታይ ተሕዋስ ነው። ይህም በዓይናርና በንፍጥ አማካይነት፣ በጣት፣ በነጠላ ጫፍ፣ በጋራ ፎጣና በዝንብ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ይተላለፋል። ዝንቡም የሚራባው ሜዳ ላይ በተጣለ ዓይነ ምድር ውስጥ ነው። አንድ ጊዜ መያዝ አያሳውርም። ለብዙ ዓመታት ደጋግሞ ሲይዝ ግን የላይኛው የዓይን ቆብ በውስጥ በኩል ይጠባሳል፤ ጠባሳው ቆቡን ወደ ውስጥ ያጥፈዋል፤ ሽፋሽፍቱም ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ብሌኑን ይፍቃል። ብዙ እናቶች ሥቃዩን ለማስታገሥ ፀጉሩን በወረንጦ ይነቅላሉ፤ ፀጉሩ ግን መልሶ ይበቅላል። በመጨረሻም ብሌኑ ይደፈርሳል፤ በዚህ መንገድ የጠፋ ብርሃንም በአብዛኛው አይመለስም። ሕፃናትን የሚያቅፉና ፊታቸውን የሚጠርጉ እናቶችና እህቶች በመሆናቸው፣ በትራኮማ ምክንያት ዓይነ ስውር የሚሆኑት ሴቶች ከወንዶች እስከ አራት እጥፍ እንደሚደርሱ የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። ልጇን የወደደች እናት በፍቅሯ ምክንያት ዓይኗን ታጣለች ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ሕመም «የራሷ ጥፋት» ብሎ መጥራት እንዴት ይቻላል?

የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ሕመም ለማጥፋት የሚመክረው መንገድ አራት ነገሮችን የያዘ ነው። እነርሱም የታጠፈውን የዓይን ቆብ በቀዶ ሕክምና ማስተካከል፣ ሕመሙ በተስፋፋበት ስፍራ ለሕዝቡ ሁሉ መድኃኒት መስጠት፣ ፊትን መታጠብ፣ አካባቢን በንጹሕ ውኃና በመጸዳጃ ቤት ማሻሻል ናቸው። እነዚህን አራት ነገሮች ልብ ብሎ ለተመለከተ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ያለ ነርስ፣ ያለ ጤና ጣቢያና ያለ መንግሥት ዝግጅት አይገኙም። ሦስተኛው በእያንዳንዱ ሰው እጅ ነው። አራተኛው ደግሞ የሁለቱም ነው፤ ምንጩን የሚያጎለብተው ወረዳው ሲሆን፣ ጉድጓዱን የሚቆፍረውና በጉድጓዱ የሚጠቀመው ቤተሰቡ ነው።

3. በእያንዳንዱ እጅ ያለው

ከግል ድርሻችን እንጀምር። የሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ትምህርት ሰውነታችን የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ መሆኑንና የራሳችን ብቻ አለመሆኑን ይነግረናል (1ቆሮ. 6፥19-20)። ስለዚህ ጤንነትን መጠበቅ ለክርስቲያን የቅንጦት ጉዳይ አይደለም፤ የአደራ ጉዳይ ነው። ሕፃኑን ጠዋት ፊቱን ያጠበ አባት፣ ሜዳ ላይ ከመውጣት ይልቅ ጉድጓድ የቆፈረ ጎረምሳ፣ የጀመረውን የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ሕመሙ ቀለል ሲለው ሳያቋርጥ የፈጸመ በሽተኛ አደራቸውን ጠብቀዋል። መድኃኒቱን በመካከሉ ያቋረጠ ሰው ግን ራሱን ብቻ አይጎዳም፤ መድኃኒት የማይበግረውን ተሕዋስ በቤተሰቡና በጎረቤቱ መካከል ሊያሰራጭ ይችላል። አባቶች «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚሉት ለዚህ ነው።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ፣ ሕይወትና ጤንነት እግዚአብሔር በአደራ የሰጠን የከበሩ ስጦታዎች መሆናቸውን፣ የሌላውን ሰው ችግርና የጋራ ጥቅምን እያሰብን በአግባቡ ልንንከባከባቸው እንደሚገባ ያስተምራል (ቁ. 2288)። እንደዚሁም በምግብ፣ በአልኮል መጠጥ፣ በትምባሆና በመድኃኒት ከመጠን ማለፍን ያወግዛል (ቁ. 2290)። ጠጥቶ መኪና የሚነዳ ሰው በሌሎች ሕይወት ላይ አደጋ በመጣሉ በከባድ ጥፋት እንደሚጠየቅ በዚያው ስፍራ ይገኛል። ሆኖም ትምህርተ ክርስቶስ በሌላው ወገን ደግሞ ሰውነትን እንደ ጣዖት ማምለክን ይቃወማል (ቁ. 2289)። ጤንነት ታላቅ ስጦታ ነው፤ ከስጦታዎች ሁሉ የመጨረሻው ግን አይደለም።

4. ብቻውን የማይቻለው

እስከዚህ ያልነውን የሰማ ሰው «እንግዲያው ሁሉም ፊቱን ቢታጠብ ትራኮማ ይጠፋል» ሊል ይችላል። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። በአማራ ክልል በዋግ ኽምራ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት፣ በተመረጡ መንደሮች ውኃ እንዲቀርብ፣ መጸዳጃ ቤት እንዲሠራና የንጽሕና ትምህርት እንዲሰጥ ተደርጎ ከሦስት ዓመት በኋላ ሲመረመር የተሕዋሱ ስርጭት ጎላ ብሎ ሲቀንስ አላገኘም። በሌላ በኩል ደግሞ በዚያው ክልል ለብዙ ዓመታት በየዓመቱ መድኃኒት የታደለባቸው አንዳንድ ወረዳዎች ሕመሙ ዛሬም አልለቀቃቸውም። ከዚህ የምንማረው የንጽሕና ትምህርት ከንቱ መሆኑን ወይም መድኃኒቱ የማይሠራ መሆኑን አይደለም። ሥር የሰደደ ሕመም በአንድ ወገን ጥረትና በአጭር ጊዜ እንደማይነቀል ነው። በምዕራብ አውሮፓ ትራኮማ በአንድ ወቅት ብዙዎችን ያሳወረ ሕመም ነበር። የጠፋውም በአመዛኙ መኖሪያ ቤት፣ ውኃና የአኗኗር ሁኔታ ከትውልድ ወደ ትውልድ ስለ ተሻሻለ ነው። በዘመናችንም ሞሮኮ በ2016፣ ጋና በ2018፣ ማላዊ በ2022 እ.ኤ.አ. ትራኮማ የሕዝብ ጤና ችግር ከመሆን መወገዱን የዓለም ጤና ድርጅት አረጋግጦላቸዋል። እንግዲህ የሚቻል ነገር ነው፤ ነገር ግን ትዕግሥትንና ኅብረትን ይጠይቃል።

በሀገራችንም የጋራ ሥራ ምን ያህል ሕይወት እንደሚያተርፍ አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ተጀምሮ ከሠላሳ ሺህ በላይ የሚሆኑ ወጣት ሴቶች ሠልጥነው በየቀበሌው ተመደቡ። ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ስለ ክትባት፣ ስለ እርግዝና ክትትል፣ ስለ መጸዳጃ ቤትና ስለ አጎበር አስተማሩ። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 ከአንድ ሺህ ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ይህ ቁጥር ወደ 67 ወርዷል። ለዚህ ውጤት ያበቃው አንድ ምክንያት ብቻ አይደለም። ክትባቱን ያቀረበው መንግሥት ነው፤ ሕፃኑን አዝላ ክትባቱ ወደሚሰጥበት ስፍራ የሄደችው ግን እናት ናት። ከሁለት አንዳቸው ቢቀሩ ውጤቱ ባልተገኘ ነበር።

የግል ምርጫ የምንለው ነገር ራሱ በሕግና በአኗኗር የሚቀረጽ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ሕዝብ በሚገለገልባቸው ስፍራዎች ትምባሆ ማጨስን ከልክሏል፤ የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅም አድርጓል። ሕጉ የወጣቱን ፈቃድ አልነሣውም። ነገር ግን ፈቃዱን ከሚያባብል ድምፅ በመጠኑ ጠብቆታል።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ ለ38 ዓመት የታመመውን ሰው ጌታችን በመጀመሪያ የጠየቀው መዳን ይፈልግ እንደ ሆነ ነበር። ይህ ጥያቄ የሰውየውን ፈቃድ ያከብራል። ሰውየው ግን በሰጠው መልስ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው አስረዳ። በየመንደሩ ያሉ ብዙ ታማሚዎች ዛሬም የሚሰጡት መልስ ይህ ነው። የዓይን ቆቧ የታጠፈባት አሮጊት እናት ለቀዶ ሕክምና ተጠርታ ሳትሄድ ስትቀር «እምቢተኛ ናት» እንላለን። ቀረብ ብለን ብንጠይቃት ግን ይዟት የሚሄድ ሰው የለም፤ ከብቶቹን የሚጠብቅላት የለም፤ ዓይኗ ታስሮ ስትመለስ እሳት የሚያነድላት የለም፤ ስለ ሕክምናው የሰማችውም የሚያስፈራ ወሬ ብቻ ነው። ሕክምናው በአካባቢ ማደንዘዣ፣ በሠለጠነ ነርስ እጅ፣ በአጭር ጊዜ የሚፈጸም መሆኑን ማንም አልነገራትም። እርሷ ያጣችው ፈቃድን ሳይሆን ሰውን ነው።

5. የቤተ ክርስቲያን ትምህርት

ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ሁለቱን ድርሻዎች አጣምራ ታስተምራለች። ቀደም ብለን የጠቀስነው የትምህርተ ክርስቶስ ቁጥር 2288 የዜጎች ጤንነት የኅብረተሰቡን እርዳታ እንደሚጠይቅ ሲያስረዳ፣ ምግብንና ልብስን፣ መኖሪያ ቤትን፣ ሕክምናን፣ መሠረታዊ ትምህርትንና ሥራን ይዘረዝራል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 23ኛም እ.ኤ.አ. በ1963 «ፓቼም ኢን ቴሪስ» በተባለው መልእክታቸው ሕክምና ማግኘትንና በሕመም ጊዜ መረዳትን ከሰው መብቶች መካከል ቆጥረዋል። መብት ከሆነ ደግሞ ምጽዋት ብቻ ሊሆን አይችልም፤ ግዴታ ያለበት ወገን አለ ማለት ነው።

ከዚህ በፊት እ.ኤ.አ. በ1931 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ያስተማሩት መመሪያም እዚህ ላይ ይጠቅመናል። በዚህ መመሪያ መሠረት ቤተሰብ ወይም መንደር በራሱ ሊሠራ የሚችለውን ሥራ የበላይ አካል ሊነጥቀው አይገባም፤ ከዐቅሙ በላይ በሆነው ነገር ግን ሊደግፈው ይገባል። ፊት ማጠብን መንግሥት አይሠራልንም። የውኃ መሥመር መዘርጋትንም ከአንዲት መበለት መጠበቅ አንችልም። ኃላፊነት እንደ ዐቅም ነው፤ ብዙ የተቀበለ ብዙ ይጠየቃል (ሉቃ. 12፥48)። ስለዚህ ውኃ በደጁ ያለው ሰው ሕፃኑን ሳያጥብ ቢቀርና ሁለት ሰዓት ተጉዛ አንድ እንስራ የምታመጣ እናት ሳታጥብ ብትቀር ጥፋታቸው በአንድ ሚዛን አይመዘንም።

በሀገራችን ያሉ የቤተ ክርስቲያን የጤና ተቋማትም ይህን አስተሳሰብ ሲሠሩበት ቆይተዋል። በጉራጌ ምድር የሚገኘውና የሕክምና ሚሲዮን እህቶች እ.ኤ.አ. በ1969 የመሠረቱት የአጣጥ ሆስፒታል አልጋ ላይ የተኛውን በማከም ብቻ ሳይወሰን፣ ሕመሙ ከሚነሣበት መንደር ድረስ በመውረድ በጤና ትምህርትና በንጹሕ ውኃ ሥራ ሲያገለግል ኖሯል።

6. ጸሎትና መድኃኒት

አንዳንድ ምእመናን መድኃኒት መውሰድ የእምነት ጉድለት ይመስላቸዋል። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ግን ሐኪምን እንድናከብር፣ መድኃኒትንም ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን እንድናውቅ ያስተምረናል። በዚያው ምዕራፍ ታማሚው እንዲጸልይና ለሐኪሙም ስፍራ እንዲሰጥ ይመከራል። አንዱ ሌላውን አያስቀርም። ምስጢረ ቀንዲል የተቀበለ ሰው መድኃኒቱን እንዲተው ቤተ ክርስቲያን አታዝዝም፤ «መድኃኒትህን ጥለህ ጸልይ» የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ የሚናገረው የእርሷን ትምህርት አይደለም። ስለ ጾም ለሚጨነቁም፣ በላቲን ሥርዓት የቀኖና ሕግ ቁጥር 919 ከቅዱስ ቁርባን በፊት የሚጠበቀው ጾም ውኃንና መድኃኒትን እንደማይመለከት በግልጽ ተደንግጓል።

7. በቁምስናችን ምን እናድርግ?

ከላይ የተነገረው ትምህርት በቃል ብቻ እንዳይቀር የሚከተሉትን እናሳስባለን።

ሀ) የሕፃናት ትምህርተ ክርስቶስ በሚሰጥበት ስፍራ በር ላይ ቧንቧ የተገጠመለት አንድ ጀሪካን ውኃና ሳሙና ይቀመጥ። ካቴኪስቱ አስቀድሞ ራሱ ይታጠብ፤ ሕፃናቱም ይከተሉት። ፊቱ ያደፈውን ሕፃን በጓደኞቹ ፊት ማሳፈር ግን ከቶ አይገባም። እናቱ ስንት ሰዓት ተጉዛ ውኃ እንደምትቀዳ አናውቅምና።

ለ) የቅዱስ ቪንሰንት ማኅበር ወይም ሌላ የበጎ አድራጎት ማኅበር ባለበት ቁምስና አባላቱ ሽፋሽፍታቸው የሚወጋቸውን አረጋውያን ፈልገው ያግኙ። ከጤና ጣቢያው ጋር ቀጠሮ ይያዙላቸው፤ አብረዋቸው ይሂዱ፤ እስኪያገግሙም ቤታቸውን ይጠብቁ። ሽባውን ሰው አራት ሆነው እንደ ተሸከሙት ሰዎች (ማር. 2፥1-12) መሆን ማለት ይህ ነው።

ሐ) የትራኮማ መድኃኒት በሚታደልበት ሳምንት ቀኑና ስፍራው ከቅዳሴ በኋላ ይነገር። መድኃኒቱ የሚጠቅመው ጤነኛ የሚመስለውም ሰው ጭምር ሲወስደው መሆኑ ይገለጽ።

መ) እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረውና ኋላም የተስፋፋው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ከዕድር ጋር የሚመሳሰል አሠራር ያለው ስለ ሆነ ለምእመናን ይብራራ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ፣ ለአንዱ የማይቻለው ወጪ በብዙዎች መዋጮ ይቀልላል። መክፈል የማይችሉ ድኾች መዋጮአቸው በመንግሥት የሚሸፈንበት መንገድ ስላለ፣ ከዝርዝሩ የተረሱ እንዳይኖሩ የቁምስና ምክር ቤቱ ከቀበሌው ጋር ይነጋገር።

ሠ) ስለ ውኃ፣ ስለ መጸዳጃ ቤትና ስለ ጤና ኬላ በቀበሌ ስብሰባ ሲነገር ምእመናን በቅንነትና በድፍረት ሐሳባቸውን ይስጡ። ስለ ጋራ ጥቅም መናገር የክርስቲያን ግዴታ ነው፤ ፌብሩዋሪ 11 ቀን የሚከበረውን የዓለም የሕሙማን ቀንም ለዚህ ልንጠቀምበት እንችላለን።

ቃየል ስለ ወንድሙ በተጠየቀ ጊዜ ጠባቂው አለመሆኑን በመናገር ሊያመልጥ ሞክሮ ነበር (ዘፍ. 4፥9)። እኛ ግን በጥምቀት የአንድ አካል ብልቶች ሆነናል። አንዱ ብልት ሲታመም ሌሎቹ ሁሉ ከእርሱ ጋር ይታመማሉ (1ቆሮ. 12፥26)። እግዚአብሔር አምላካችን የራሳችንን አደራ የምንጠብቅበትን ትጋት፣ ለወንድማችንም ውኃ የምናመጣበትን ፍቅር ያድለን።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በመንደራችን ስለ ታመመ ሰው የሚነገረው ከሁለቱ አነጋገሮች የትኛው ይበዛል? የሚያስከትለውስ ምንድን ነው?

2. ዮሐ. 5፥1-9 አንብቡ። በቁምስናችን «ሰው የሌለው» ታማሚ ማን ነው? ማን ይሂድለት?

3. ለቤተሰባችን ጤንነት በዚህ ሳምንት በራሳችን እጅ ልንፈጽመው የምንችለው አንድ ነገር ምንድን ነው? ከቀበሌው ጋር ሆነን ብቻ የምንፈጽመውስ?